ሚጣ ብስኩቱን ለምን መረጠች

ልጄን ደይኬር ባስገባኋት በ3ኛው ቀን ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ተመለሰ። ክዳኑን ስከፍተው አልጫ ምስሩ ደርቋል። ድንቹ አልተነካም። የቦርሳዋ ታች ላይ ግን የብስኩት ፍርፋሪ አገኘሁ። እጇን ሳሸተው የታሸገ ጁስ ይሸታል። ማታ እሷ ከተኛች በኋላ ወጥ ቤት ቆሜ አለቀስኩ።

ለብስኩት ይለቀሳል ወይ የሚለኝ ይኖራል። እኔን ያስለቀሰኝ ብስኩቱ ብቻ አልነበረም። 8 ወር ሙሉ ከእናቴ ጋር፣ ከጎረቤት ጋር፣ ከራሴ ፍርሃት ጋር እየተሟገትኩ የያዝኩት ነገር፣ ልጄ ስኳር ሳትለምድ በገዛ እጇ እንድትበላ ማድረጉ፣ በ3 ቀን የተበተነ መሰለኝ። ልጅን ትቶ ሥራ መዋሉም ተጨምሮበት ነው። ልጅን ለሰው ሰጥቶ መሄድ ሆድ ያባባል፤ ያለፈበት ሁሉ ያውቀዋል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ልጄን እዚህ ሚጣ እያልኩ ነው የምጠራት፣ ስሟ የራሷ ይሁን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሐኪሞች እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይላሉ። በ90 ቀንና በ6 ወር መካከል ያለውን ክፍተት እያንዳንዷ እናት እንደምንም ትሞላዋለች። እኔ የዓመት ፈቃዴን ጨመርኩበት፣ ቢሮ ውስጥ ጡቴን እያለብኩ ማታ ፍሪጅ አስገባሁ፣ እናቴን ደግሞ ከደሴ አስመጣሁ። እናቴ ባትመጣ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ሚጣ 6 ወር ሲሞላት ተጨማሪ ምግብ ጀመርን። ያኔ ነው ልጁ ራሱ በእጁ እያነሳ እንዲበላ ስለመተው ያነበብኩት። ጊል ራፕሊ የተባሉ እንግሊዛዊት የጤና ባለሙያ ናቸው ‘ቤቢ ሌድ ዊኒንግ’ በሚል ስም በስፋት ያስተዋወቁት። ‘ዊኒንግ’ ሲባል ብዙዎቻችን ጡት ማስጣል ይመስለናል። እዚህ ላይ ግን ጡት ማስጣል ማለት አይደለም። ጡቱ ይቀጥላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል ነው የሚለው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ምግቡን ለስላሳ አድርገሽ፣ ለመጨበጥ በሚመች ቁመት ቆርጠሽ ፊቷ ታስቀምጫለሽ። ታነሳለች፣ ትልሳለች፣ ትጥላለች፣ ትበላለች። ምን ያህል እንደምትበላ የምትወስነው እሷ ነች።

ሳነበው ቶሎ የታየኝ የእኛው መሶብ ነው። እኛ እኮ በእጃችን ነው የምንበላው። ምግብን በጣት መንካት፣ ልስላሴውን ማወቅ፣ መጠቅለል፣ ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለሕፃን ግን ይህን አንፈቅድም። ሕፃን ጭን ላይ ተጋድሞ በማንኪያ ነው የሚበላው፣ አፉን ሲዘጋም ‘አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ’ እየተባለ። አንዲት ጎረቤታችን ‘አፍንጫዋን ያዝ አድርጊያት፣ ያኔ ትከፍታለች’ ብላኛለች። ክፋት የላትም፣ የራሷን 4 ልጆች እንዲያ ነው ያሳደገችው። ጉርሻም አለ። እኛ ዘንድ ፍቅር በእጅ ተጠቅልሎ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ጉርሻን እምቢ ያለ ሰው ሰውየውን እምቢ እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ ‘ልጅቷ ራሷ ትብላ፣ እምቢ ካለች ተያት’ ማለት ለእናቴ ስለ ምግብ የተነገረ አልመሰላትም። ‘ልጅሽን አትውደጂያት’ ያልኳት ያህል ነው የተሰማት።

የመጀመሪያ ቀን የሰጠኋት የተቀቀለ ስኳር ድንች ነው፣ በጣቴ ቁመትና ውፍረት የተቆረጠ። የ6 ወር ልጅ በጣቷ ጫፍ ማንሳት አትችልም፣ በመዳፏ ነው ጨብጣ የምትይዘው። ስለዚህ ከጭብጧ ወጥቶ የሚታይ ጫፍ ያስፈልጋታል። በሁለት ጣት መልቀም የቻለችው 9 ወር አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ወራት ዱባ፣ ካሮት፣ አቮካዶ፣ በደንብ የበሰለ ፓፓያ፣ በረጅሙ የተቀደደ እንጀራ ሆነው አለፉ። እንጀራውን መጀመሪያ ቀን ስትቀምሰው ፊቷን ጭምድድ አደረገች፣ ግን አልጣለችውም። ደግማ አፏ ከተተችው። እናቴ ያኔ ሳቀች። ‘በይ እንግዲህ፣ የአገሯ ሰው ነች’ አለች።

በ2ኛው ሳምንት ድንች ወደ ላይ አላት። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ፊቷ ቀላ፣ ምላሷ ወጣ። እናቴ ጮኸች። ጀርባዋን ልትመታ ስትነሳ እኔ ይዤ አስቆምኳት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። ሚጣ ድንቹን በምላሷ ገፍታ አወጣችው፣ አየችው፣ መልሳ በላችው። ወደ ላይ ማለትና መታነቅ የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ አንብቤ ነበር። በሕፃን አፍ ውስጥ ወደ ላይ የሚያስብለው ቦታ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮ ጋ አይደለም፣ ወደ ፊት ቀረብ ይላል። ምግቡ ገና ሩቅ ሳለ ነው የሚመልሰው። ድምፅ አለው፣ ያስላል፣ ያለቅሳል። መታነቅ ግን ዝም ያለ ነው። ልጁ ማልቀስም ማሳልም አይችልም። ያኔ ነው ጀርባ የሚመታው። ይህን ማንበብና ልጅሽ ከፊትሽ ሆና ስትቀላ ማየት ግን አንድ አይደለም። እኔም ለ2 ቀን ወደ ገንፎ ብቻ ተመለስኩ።

በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 206 እናቶችን ይዘው ሁለቱን አመጋገቦች አነጻጽረው ነበር። ምን ዓይነት ምግብ እንደሚያንቅ ምክር ከተሰጣቸው በኋላ በእጃቸው የሚበሉት ልጆች በማንኪያ ከሚበሉት በላይ አልታነቁም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ግኝት ነው። በሁለቱም ወገን ለብዙ ልጆች የሚያንቅ ምግብ ተሰጥቷቸዋል። እንግዲህ በእኛ ቤት አስቡት። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ ይበተናል። ቆሎ ይቀርባል። ለውዝ ይቆላል። እንግዳው ሁሉ ለሕፃኗ አንዲት ፍሬ ይዘረጋላታል። ያ ነው ጉሮሮ የሚዘጋው፣ በእንፋሎት የለሰለሰ ድንች አይደለም። በዚህ በአንዱ ነገር ማንንም አልለመንኩም፣ አልተለሳለስኩም። ፈንዲሻ፣ ቆሎና ሙሉ ለውዝ ለሚጣ አይሰጥም። ገና ለዓመታት።

በማንኪያ መመገቡን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም። ገንፎ በማንኪያ ነው የምትበላው፣ ግን ማንኪያውን እሷ እንድትይዘው እሰጣት ነበር። ስሙ የፈለገው ይሁን። ዋናው አፏን ስትዘጋ ማቆሜ ነው።

ስኳርን በተመለከተ ከእናቴ ጋር ያደረግነው ክርክር የተለየ ነበር። እናቴ ስኳር በቀበሌ ሲታደል ያደገች ሰው ነች። ለእሷ ስኳር በኩፖን የሚገኝ፣ ለእንግዳና ለታመመ ሰው የሚቀመጥ፣ የተከበረ ነገር ነው። እኛም ብንሆን ለስኳር ሸማቾች ጋ ተሰልፈን እናውቃለን። እና የልጅ ልጇ አጥሚት ውስጥ ስኳር አትጨምሪ ስላት ‘ቸገረሽ እንዴ? እኔ እገዛላታለሁ’ አለችኝ። ቃሏ ልቤን ነካው። ስኳር መከልከሌን እንደ ንፍገት ነበር ያየችው። ቁጭ ብዬ ስለ ጥርስ፣ ስለ ምላስ ልማድ፣ ስለ ጡት ወተት አስረዳኋት። የጡት ወተት ራሱ ጣፋጭ ነው። ሕፃን ጣፋጭ ወዶ ነው የሚወለደው፣ ማስተማር አያስፈልገውም። መልመድ የሚያስፈልገው መራራውን፣ ጎምዛዛውን፣ የምስሩን ጣዕም ነው። አንድ አዲስ ምግብ እስኪለመድ ደግሞ 10 ጊዜም ከዚያ በላይም መቅረብ ሊኖርበት ይችላል።

ማሩ ላይ ግን አልተከራከርንም፣ ከለከልኩ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተህዋስ ሕፃኑ ሆድ ውስጥ መርዝ ያመነጫል። ሰውነትን የሚያዝል፣ ትንፋሽ እስከ ማሳጣት የሚደርስ በሽታ ነው። ማፍላትም አይገድለውም። እናቴ ማርን እንደ መድኃኒት ነው የምታውቀው። ቢሆንም ‘ሐኪም ካለ ይቅር’ አለች። እኔም በበኩሌ ቅቤው ላይ ተሸነፍኩ፣ ደስ ብሎኝ። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፣ በትንሽ ምግብ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ገንፎ በለጋ ቅቤ ለዚህ የሚሆን ምግብ ነው። እናቴ ይህን ከማንም ሳታነብ ታውቀዋለች።

ሌላው የምጨነቅበት ብረት ነበር። ሕፃን ከእናቷ ማሕፀን ይዛው የወጣችው የብረት ክምችት በ6 ወር ገደማ እያለቀ ይሄዳል። ስለዚህ ምስር፣ የእንቁላል አስኳል፣ በደንብ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ፣ አልፎ አልፎ ጉበት። ሻይ አይጠጣም፣ ምክንያቱም ሻይ ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ ያደርጋል። ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ሕፃን አይጾምም፣ ማንም ጹሚ አይላትም። ግን ወጥ ቤቱ ይጾማል። ድስቱም ቢላውም የጾም ይሆናል፣ እንቁላል ለአንዲት ሕፃን ብሎ የሚቀቅል ሰው ይጠፋል። እኔ ለሚጣ አንድ ትንሽ ድስት ለብቻ ገዛሁላት። ነገሩ ተፈታ።

እንዲህ እያልን 1 ዓመት ከ2 ወር ሞላት። እናቴ ወደ ቤቷ መመለስ ነበረባት፣ አባቴም ብቻውን ነው። ሞግዚት ፈለግን፣ አልሆነልንም። ደይኬር ተገኘ። ግቢው ንጹሕ ነው፣ ፀሐይ ያገኛል፣ ተንከባካቢዎቹ ልጆቹን በስማቸው ይጠራሉ። እኔ ደግሞ አንድ ሙሉ ገጽ ወረቀት ጽፌ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩ። ስኳር አይሰጣት። ጁስ አይሰጣት። ሻይ አይሰጣት። ብስኩት አይሰጣት። በማንኪያ አትገደድ፣ በእጇ ትብላ። ከሥሩም መስመር አሰመርኩበት።

3ኛው ቀን ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

በማግስቱ ደውዬ ተቆጣሁ። ኃላፊዋ በትህትና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ግን ያው ነው። ምሳ ዕቃው ይመለሳል፣ ፍርፋሪው ቦርሳ ውስጥ ይገኛል። ይባስ ብሎ ቤትም ምስሩን እያየች ራሷን ታወዛውዛለች፣ በጣቷ ቁም ሳጥኑን ታሳያለች። የምትፈልገውን አውቃለሁ።

ግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰድኩና ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሳ እዚያው ጥግ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁሉም እናት ይህን ማድረግ ብትችል እላለሁ። 8 ልጆች፣ 2 ተንከባካቢዎች። አንዷ ዳይፐር ስትቀይር ሌላዋ ከ7 ልጆች ጋር ናት። 4 ሰዓት ላይ መክሰስ መጣ፣ ሻይና ብስኩት። 6 ሰዓት ላይ ምሳ። ልጆቹ ግማሽ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፣ ትልቅየዋ ተንከባካቢ መሃል ላይ በርጩማ ይዘው ተቀመጡ። በየምሳ ዕቃው የየራሱ ማንኪያ አለ። ከአንዱ ወደ አንዱ፣ በተራ፣ በፍጥነት። የሚጣ ተራ ደረሰ። ምስሩንና ድንቹን ቀላቅለው ፈጭተውታል፣ ለማንኪያ እንዲመች። ሚጣ ማንኪያውን ለመያዝ እጇን ዘረጋች። ማንኪያው ወደ ላይ ሸሸ። ፊቷን አዞረች። ማንኪያው ተከተላት። አለቀሰች። በሁለተኛው ዙር ገና ማንኪያውን ስታይ ነው ያለቀሰችው። ሌሎቹም ተከትለው ማልቀስ ሲጀምሩ ሴትየዋ ከኪሳቸው ብስኩት አወጡና እጇ ላይ አደረጉላት።

ዝም አለች። በሁለት እጇ ያዘችው። አገላብጣ አየችው። ነከሰችው።

ያኔ ነው የገባኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ልጄ በእጇ ልትይዘው የምትችለው ብቸኛ ምግብ ብስኩቱ ነበር። 8 ወር ሙሉ ‘ምግብሽን ራስሽ ያዢ’ ብዬ አስተምሬያታለሁ። እሷም የተማረችውን ነው ያደረገችው። ጣፋጭነቱም ይስባታል፣ አልክድም፣ ግን የመጀመሪያው ምክንያት እሱ አልነበረም። እኔ ደግሞ የላክሁላት ምግብ ከቤታችን ወንበርና ከእናቴ ትዕግሥት ውጭ የማይሠራ ነበር። አልጫ ምስር በእጅ ለመብላት ከእንጀራ ጋር ተጠቅልሎ የሚያቀብል ሰው ይፈልጋል።

ልጆቹ ሲተኙ ከትልቅየዋ ጋር ተነጋገርን። ዕድሜያቸው ከእናቴ ብዙ አይርቅም።

‘እትዬ፣ ወረቀቱን አይተውት ነበር?’ አልኳቸው።

‘አይቸዋለሁ የሚጣ እናት። ጥሩ ጽፈሻል። ግን ልጄ፣ ስታለቅስ ወረቀቱ አያባብላትም።’ 

ዝም አልኩ።

‘ደግሞ ሌሎቹ ሲበሉ እያየች እንዴት አይሰጣትም? ልጅ አይቶ አምሮት ይቅር? እኔ አይሆንልኝም፣ ኃጢአት ነው’ አሉኝ።

ይህ ነገር መንገዱን ሁሉ አብሮኝ ሄደ። እኛ ዘንድ በልጅ ፊት በልቶ ለልጅ አለመስጠት ነውር ነው። ድሮም ነውር ነበር፣ አሁንም ነው፣ እኔም በዚሁ ነው ያደግኩት። እኔ በወረቀቴ የጠየቅኳቸው ደግሞ በየቀኑ በ4 ሰዓት ይህንኑ እንዲያደርጉ ነው። 7 ልጆች ብስኩት ሲበሉ አንዷ ቁጭ ብላ እንድታይ። ሊያን በርች የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ የልጆችን አመጋገብ ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። ፊታቸው ያለ ምግብ የተከለከሉ ልጆች ምግቡን ይበልጥ እንደሚፈልጉት፣ ለሽልማት የተሰጠ ምግብም ይበልጥ እንደሚወደድ በሙከራ አሳይተዋል። ልጄ ላይ ሁለቱም አንድ ላይ እየደረሱባት ነበር። ጠዋት ትከለከላለች፣ ምሳ ላይ ስታለቅስ ትሸለማለች።

በሴትየዋ አልፈርድም። ለ7 ልጆች አንድ ሰው ናቸው። ብስኩቱ አንድ ተጨማሪ እጅ ማለት ነው። የእኔ እናት አንዲትን ልጅ ይዛ 40 ደቂቃ ምሳ ላይ ትቀመጥ ነበር። እሳቸው 40 ደቂቃ የላቸውም፣ ቢኖራቸውም ለሌሎቹ 7ቱ አይደርስም። የደይኬር ክፍያ ለወላጅ ይከብዳል፣ እነሱ እጅ የሚደርሰው ደሞዝ ግን ያን ያህል አይደለም። ይህንን ወረቀቴን ስጽፍ አላሰብኩትም ነበር።

እሑድ ዕለት ምሳ ዕቃውን እንደ አዲስ አሰብኩት። ጥያቄው አንድ ነበር። ማንም ሳይረዳት በእጇ ልትይዘው የምትችለው ምን አለ? እንጀራውን አልጫ ሽሮ ወፍራም አድርጌ ቀባሁት፣ ጠበቅ አድርጌ ጠቀለልኩት፣ በአጭር በአጭር ቆረጥኩት። አይፈርስም፣ አይንጠባጠብም። የተቀቀለ እንቁላል በ4 ተከፍሎ። የጤፍ ቂጣ፣ ቅቤ የተቀባ። ምስርን ከድንች ጋር ፈጭቼ በእጄ ድብልብል እያደረግኩ ምጣድ ላይ ጠበስኩት፣ ዘይቱን ጠብ ብቻ አድርጌ። ካሮቱ በደንብ ተቀቅሎ በረጅሙ። ሙዝ፣ ግማሽ ልጣጩ ከታች እንደ መያዣ የቀረለት። ወረቀቱንም ቀየርኩት። 3 መስመር ብቻ ነው አሁን። እባካችሁ ስታለቅስ ብስኩት አትስጧት፣ እቀፏት። ከውኃ በቀር ሌላ መጠጥ አትስጧት። ምሳዋን ፊቷ አስቀምጡላትና የምትበላውን ትብላ፣ የተረፈውን መልሱልኝ፣ አልቆጣም።

ስለ መክሰሱ ብስኩት ምንም አልጻፍኩም። ሁሉም ልጆች ተቀምጠው ሲበሉ እሷም ትብላ። ይህን ለመወሰን ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላሉ ልጆች ስኳር ያለበት መጠጥ እንዳይሰጥ፣ ስኳር የበዛበት ምግብም እንዳይሰጥ፣ ንጹሕ የፍራፍሬ ጁስ እንኳን እንዲወሰን ይላል። መመሪያው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ቤታችን ውስጥ አሁንም በዚያው ነው የምንሄደው። ደይኬር ውስጥ ግን የምቆጣጠረው ክፍል ትንሽ ነው፣ በዚያች ትንሽ ክፍል ምን ልጠይቅ የሚለውን መምረጥ ነበረብኝ። መጠጡን መረጥኩ፣ ምክንያቱም ጁስና ሻይ ሆድ ሞልተው ምግብ ያስቀራሉ፣ ጥርስንም ቀኑን ሙሉ ያጥቡታል። ማባበያውን መረጥኩ፣ ምክንያቱም ልጄ ሲከፋት የምትፈልገው ሰው እንዲሆን ነው የምፈልገው፣ ብስኩት እንዲሆን አልፈልግም። አንዲት ብስኩት ከጓደኞቿ ጋር ክብ ሠርታ ብትበላ ግን ዝም እላለሁ። ሳያስጨንቀኝ ቀርቶ አይደለም፣ ይቅር ብዬው ነው።

በ2ኛው ቀን ምሳ ዕቃው ግማሹ ተበልቶ መጣ። ከሽሮ ጥቅሉ 4 ጠፍተዋል። አንዱን ጎኗ ያለው ልጅ እንደበላባት በኋላ ነገሩኝ፣ ያው እሷም የእሱን ፓስታ በልታለች። እትዬ ‘ይሄን ነገር ቀድመሽ ብትልኪ ምን ነበር፣ እኔም እጄ አረፈ’ አሉኝ። እውነት ነው፣ ሚጣ በእጇ ስትበላ እሳቸው ለሌላው ልጅ ጊዜ ያገኛሉ። ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። በእጅ መብላት ለደይኬር ሸክም ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ መሬቱ ይቆሽሻል፣ ልብሱ ይቆሽሻል እያልኩ። ምግቡ የማይንጠባጠብ ከሆነ ግን ሥራ ይቀንሳል።

ሌላዋ እናት ቂጣውን አይታ ለልጇም ላከች። ከዚያ ሌላዋ። ኃላፊዋን ሦስት ሆነን ስናነጋግራት የ4 ሰዓቱን መክሰስ በሳምንት 2 ቀን ሙዝ ለማድረግ ተስማማች። 5ቱንም ቀን ጠይቀን ነበር። 2ቱ ተገኘ። ሻዩ ለትንንሾቹ ቀርቶ ውኃ ሆነ፣ እሱ ትልቅ ነገር ነው።

ቤት ውስጥ የሚመጣው እንግዳ ግን አሁንም አለ። ልጅ ያለበት ቤት ባዶ እጅ አይገባም፣ ደግሞም ደስ የሚል ባህል ነው፣ እንዲጠፋ አልፈልግም። ከመምጣታቸው በፊት የሚደውሉትን ‘ብርቱካን ይዛችሁላት ኑ፣ በጣም ትወዳለች’ እላቸዋለሁ። ይሄ ሠርቷል። ቸኮሌት ይዞ የመጣ አጎቷን ግን ፊቱ ላይ አልከለክልም። አመሰግናለሁ፣ ከምሳ በኋላ አብረን እንቀምሳለን፣ የተረፈው ከዓይኗ ይርቃል። ‘ይሄን ከበላሽ ያንን እሰጥሻለሁ’ የሚለውን ቃል ከቤታችን አውጥተነዋል። አባቷ ለመተው ተቸግሯል፣ ምክንያቱም እሱ ያደገው በዚያ ነው። አንዳንዴ ያመልጠዋል። ያኔ እኔን ያየኛል፣ ሳልናገር ይተወዋል።

እናቴ ባለፈው ወር መጥታ አይታታለች። ሚጣ ከፊቷ የነበረውን እንጀራ ቀድዳ፣ ምስሩን ጠቅልላ፣ ግማሹ በመንገድ እየወደቀ፣ ወደ አያቷ አፍ ዘረጋችው። እናቴ ጎረሰች። ‘አንዲት ብቻ ታጣላለች’ ብላ ሁለተኛውን ጠየቀቻት። ሁለተኛውን ግን ሚጣ ራሷ በላችው።

አሁን 1 ዓመት ከ9 ወር ሆኗታል። ምስሩን አንዳንድ ቀን ትበላለች፣ አንዳንድ ቀን አትነካውም። ቁም ሳጥኑን ማሳየቱ ቀንሷል፣ አልጠፋም። ጥርሷን ማታ ማታ አብረን እንፍቃለን።

ነገ ደይኬር ውስጥ የአንድ ልጅ ልደት አለ። ኬክ ይቆረሳል፣ እንደተለመደውም ፈንዲሻ ይኖራል። ማታ ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ጨምሬ ቦርሳዋ ውስጥ አስገብቻለሁ፣ ጠዋትም ለእትዬ በቃሌ እነግራቸዋለሁ። ከኬኩ እንደ ጓደኞቿ ትብላ። ፈንዲሻው ግን እጇ አይግባ።